የጽሙሙ መጽሐፍ ጠራዥ ምስክርነት

የአንድን ሕዝብ ጠባይና አነጋገር ለማወቅ የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ያንን ሕዝብ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ነገር ለማንም ግልጥ ቢመስልም መስማት ስለ ተሳናቸው ሰዎች ግን ብዙ ዘመን ሳይፈጸም ኖሯል። ስለ እነርሱ ፈላስፎች ጽፈዋል፤ ሐኪሞችና የሕግ ዐዋቂዎች ጽፈዋል፤ ካህናትም ጽፈዋል። የጻፉት ሁሉ ግን የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ። ከነዚህም መጻሕፍት የሚበዙት መስማት የተሳነውን ሰው ወይ የሚታዘንለት ፍጥረት፣ ወይ የመምህር ጥበብ የሚፈተንበት ዕቃ አድርገው ያዩታል እንጂ፣ የራሱ አሳብና የራሱ ወገን ያለው ሰው አድርገው አይጠይቁትም።

ይህን ልማድ የሰበረች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1779 ዓ.ም. በፓሪስ ወጣች። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። የመጽሐፊቱ ስም ወደ ግዕዙ አጠራር ቀረብ ተደርጎ ሲመለስ «የአንድ ጽሙምና በሃም ሰው ትዝብት» እንደ ማለት ነው፤ ጽሙም መስማት፣ በሃምም መናገር የተሳነው ነውና። ደራሲዋ ፒየር ዴሎዥ የሚባል የእጅ ሠራተኛ ነበረ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ጽፈው ካሳተሟቸው መጻሕፍት መካከል እስከ ዛሬ ከታወቁት የመጀመሪያዪቱ ይህች ናት። ስለዚህም የመጽሐፊቱ ዋጋ በገጿ ብዛት የሚመዘን አይደለም።

ዴሎዥ በ1747 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በቱሬን አውራጃ በግራን ፕረሲኚ ተወለደ። በሰባት ዓመቱ ገደማ ፈንጣጣ ያዘው፤ ከሞት ቢተርፍም ጆሮው ተዘጋ፤ አነጋገሩም ከሕመሙ ብርታት የተነሣ ተበላሽቶ ሰሚውን የሚያስቸግር ሆነ። በሃያ አንድ ዓመቱ ወደ ፓሪስ መጥቶ መጽሐፍ በመጠረዝና በቤት ግድግዳ ላይ ወረቀት በመለጠፍ እንጀራውን ይበላ ጀመር። የሌሎችን መጽሐፍ ሲጠርዝ የኖረ እጅ በመጨረሻ የራሱን መጽሐፍ ጻፈ።

መጽሐፊቱ የተጻፈችበት ምክንያት ክርክር ነው። በዚያ ዘመን በፓሪስ ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ የሚባል ካህን ነበረ። ይህ ካህን በ1760 ዓ.ም. ገደማ መስማት የተሳናቸውን ሁለት እኅትማማቾች አግኝቶ፣ ሃይማኖታቸውን ሳያውቁ እንዳይሞቱ አዝኖላቸው ማስተማር ጀመረ። ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክቱ እምነትን ከመስማት ጋር አያይዞ መጻፉን ብዙዎች እንደ ፍርድ ቈጥረው፣ ጆሮው የተዘጋበት ሰው የእምነትም በር እንደ ተዘጋበት ያስቡ ነበር። ደ ሌፔ ግን ጆሮ የከለከለውን ዐይን ሊሰጥ ይችላል ብሎ በእጅ ምልክት አስተማረ፤ የትምህርቱንም ሥርዓት በ1776 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣ። ከዚህ በኋላ የኦርሌያን ከተማ ካህን ዴሻን በ1779 ዓ.ም. ሌላ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ልጆቹ በአፍ መናገርንና ከከንፈር ማንበብን ሊማሩ ይገባል እንጂ ምልክት ለትምህርት አይበቃም አለ። ሁለቱም ካህናት ለድሆቹ ልጆች የሚያስቡ፣ ድካማቸውንም የማይቈጥቡ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን አንዱ ለምልክት ሲከራከር ሌላው ምልክትን ሲነቅፍ፣ ምልክቱን ዕለት ዕለት የሚነጋገሩበትን ሰዎች የጠየቃቸው አልነበረም።

ዴሎዥ ሳይጠየቅ መለሰ። ለመጻፍ ያስነሣውን ምክንያት ሲገልጥ ራሱን ከአንድ ፈረንሳዊ ጋር ያነጻጽራል። ከፈረንሳይኛ ጥቂት ቃል ብቻ የሚያውቅ ጀርመናዊ ተነሥቶ ፈረንሳይኛን ቢያንኳስስ ፈረንሳዊው ዝም ሊል እንደማይችል፣ እርሱም እንደዚሁ ዝም ለማለት አልቻለም። የመጽሐፊቱ ኃይል በዚህ ንጽጽር ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ደራሲው እንደ በሽተኛ ቀርቦ ምሕረት አይለምንም፤ እንደ ችግረኛም ምጽዋት አይጠይቅም። ቋንቋው እንደ ተነቀፈበት ያገር ሰው ቆሞ ይሟገታል። ከእርሱ በፊት ምልክትን ያመሰገኑ ሰዎች እንኳ የሚያመሰግኑት እንደ መሣሪያ፣ እንደ ምርኩዝ ነበር። ዴሎዥ ግን ምርኩዝ ሳይሆን ልሳን ነው ይላል።

ለዚህ የሚያመጣው ማስረጃ ከሊቃውንት መጽሐፍ የተቀዳ አይደለም፤ ከገዛ ሕይወቱ የተወሰደ ነው። ወደ ፓሪስ ከመጣ በኋላ ብዙ ዓመት መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ጋር ሳይገናኝ ቈየ። በዚያ ጊዜ ለሚያስፈልገው ነገር የሚጠቀምባቸው ጥቂት ምልክቶች ነበሩት፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው ያልተያያዙ፣ እንደ ተበተነ ዶቃ የሆኑ ነበሩ። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሆነው በአንድ ተዋናይ ቤት የሚያገለግል ኢጣሊያዊ አገኘ። ይህ ሰው ከተወለደ ጀምሮ መስማት የተሳነው፣ ማንበብና መጻፍም የማያውቅ ነበረ። ዶቃውን በክር መሰካት፣ ማለት ምልክትን ከምልክት አጋጥሞ አሳብን መግለጥ፣ ዴሎዥ የተማረው ከዚህ ሰው ነው። ፊደል የቈጠረው ሰው ፊደል ካልቈጠረው ተማረ። መጽሐፊቱን ያነበበ ሁሉ ይህን ነገር አይረሳውም፤ ደራሲው ያለ አንዳች ጌጥ ተርኮታልና።

ከዚህም የሚወጣው ትምህርት ግልጥ ነው። በገጠር ብቻውን የሚኖር መስማት የተሳነው ሰው ምልክቱ ጥቂት፣ አሳቡም የተከለለ ቢሆን፣ ጥፋቱ የጆሮው አይደለም፤ የብቸኝነቱ ነው። በፓሪስ ግን መስማት የተሳናቸው ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ ይጨዋወታሉ፤ በከተማይቱ ስለሚሆነው ነገር ሁሉ ይከራከራሉ። ዴሎዥ እነዚህን ባልንጀሮቹን ሲገልጥ ከእነርሱ መካከል ከትምህርት ቤት ደጅ ያልደረሱ እንደ ነበሩ፣ ቢሆንም ስለሚያዩት ነገር ሁሉ በሥርዓት እንደሚነጋገሩ ይመሰክራል። ስለዚህ ቋንቋን የሚወልደው ማኅበር ነው። ማኅበር ባለበት ስፍራ መምህር ሳይሾም፣ ደንብ ሳይጻፍ፣ ሰዎች ስለሚነጋገሩ ብቻ ቋንቋ ይገኛል።

አንባቢ ይህ ሁሉ ጥቅሻ ነው እንጂ ቋንቋ አይደለም ብሎ ቢጠራጠር፣ ዴሎዥ ከምልክቶቹ ጥቂቱን ከፍቶ ያሳየዋል። ባልንጀሮቹ ስለ አንድ ሰው ለመናገር ሲሹ አስቀድመው ወገኑን፣ ማለት ከመኳንንት ወይም ከነጋዴ ወይም ከእጅ ሠራተኛ መሆኑን ያመለክታሉ። ከዚያም እያጠበቡ ወደ ሰውዬው ይደርሳሉ። ነጋዴን ለማመልከት የልብስን ጫፍ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይዞ፣ ሻጭ ዕቃውን ለገዢ እንደሚያቀርብ ማቅረብ ነው። የሚሸጠውን ነገር ራሱ የሚሠራ ሰው ሲሆን ደግሞ የእጅ ሥራ ምልክት ይጨመርበታል። ርባ ቅምር የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ነገሩ ሥርዓት ያለው መሆኑን ወዲያው ያስተውላል። ከሁለት ምልክት ሦስተኛ አሳብ ይወለዳልና፤ ሰፊውም አሳብ ይቀድማል፤ ጠባቡም ይከተላል። እንዲህ ያለ ነገር የሰውነት መወራጨት አይባልም። ደራሲው በጣት ፊደል ቈጥሮ መጻፍንና በምልክት መነጋገርን አንድ አድርገው የሚያዩትንም ያርማል። የጣት ፊደል የሚሰማው ሕዝብ ጽሕፈት በእጅ ሲታይ ነው፤ ምልክቱ ግን የራሳቸው ንግግር ነው።

ዴሎዥ የደ ሌፔ ደቀ መዝሙር አልነበረም። ቢሆንም ካህኑን በፍጹም አክብሮት ያመሰግነዋል፤ ይህንንም ሲያደርግ አንድ ነገር በጥንቃቄ ይለያል። ደ ሌፔ ይህን ቋንቋ አልፈጠረውም፤ ከመስማት ከተሳናቸው ሰዎች ተማረው፤ ጐደለ ያለውንም ሞላ፤ ለትምህርት የሚሆን ደንብም ሰጠው። በእውነትም ካህኑ «ሥርዓታዊ ምልክት» ብሎ የጨመረው የፈረንሳይኛን ሰዋስው በእጅ ለማሳየት ነበረ፤ የስሙን ጾታና የግሱን ጊዜ የሚያመለክት ምልክት አበጀ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ሲጨዋወቱ ግን ይህ ሸክም አላስፈለጋቸውም። የካህኑ እውነተኛ ትልቅነት ያለው በፈጠረው ላይ ሳይሆን በታዘዘለት ላይ ነው። መምህር ሆኖ ሳለ ከተማሪዎቹ ለመማር ዝቅ አለ። ከእርሱ በኋላ ታሪኩን የጻፉ ብዙዎች ግን ይህን ገልብጠው፣ ድዳ ለነበረው ሕዝብ ቋንቋ የሰጠ አባት አድርገው ሥለውታል። ዴሎዥ ይህን ስሕተት ገና ሳይወለድ አርሞት ነበር። ለመልካም አድራጊ የሚገባው ምስጋና ያላደረገውን ነገር በመጨመር አይበዛም።

መጽሐፊቱ ጕድለት የላትም ማለት ግን አይቻልም። አስቀድሞ፣ ዴሎዥ እስከ ሰባት ዓመቱ የሚሰማና የሚናገር ልጅ ስለ ነበረ ፈረንሳይኛው ከእናቱ አፍ የተገኘ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ወገኖች መካከል እንደ ድልድይ ቆሞ ለመጻፍ ቻለ፤ ነገር ግን ድልድይ ከሁለቱም ዳር አንዱን አይደለም። ከተወለዱ ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ባልንጀሮቹ ስለ ራሳቸው ምን ይሉ እንደ ነበረ የሚታወቀው በእርሱ በኩል ብቻ ነው። ምልክትን ያስተማረው ኢጣሊያዊም ራሱ አንዳች ቃል ሳይጽፍ አልፏል። ሁለተኛ፣ መጽሐፊቱን ለማተም ያዘጋጀ የሚሰማ ሰው በግርጌዋ ሐተታ ስላገባ፣ አንባቢው ሁለት ድምፅ በአንድ ገጽ ላይ ያገኛል፤ የደራሲውም ቃል በአሳዳጊ እጅ እንደ ተያዘ ልጅ ሆኖ ይታያል። በዚያ ዘመን የአንድ ሠራተኛ መጽሐፍ ያለ ዋስ አይታመንም ነበርና።

ከሁለቱ የሚከብደው ሦስተኛው ጕድለት ነው። ዴሎዥ እንደ ዘመኑ ሊቃውንት ምልክትን የተፈጥሮ ቋንቋ፣ የነገሮችም ሥዕል አድርጎ ያመሰግነዋል። ይህ አሳብ የሚያምር ይመስላል፤ ነገር ግን የገዛ ራሱ ታሪክ ያፈርሰዋል። ምልክት ተፈጥሮ ለሁሉ የምትሰጠው ሥዕል ቢሆን ኖሮ፣ ዴሎዥ እስከ ሃያ ሰባት ዓመቱ ሳያውቀው ባልቈየ፤ አስተማሪም ባላስፈለገው ነበር። ዛሬም የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የሌሎችም አገሮች የምልክት ቋንቋዎች እርስ በርሳቸው የተለያዩ መሆናቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ደራሲው ሲተርክ ከሚያስተምረው ሲፈላሰፍ የሚያስተምረው ያንሳል። የፍልስፍናው ልብስ የተዋሰው ነው፤ ምስክርነቱ ግን የራሱ ነው። አስተዋይ አንባቢም ሁለቱ ሲጋጩ ምስክሩን ማመን ይገባዋል።

ይህች መጽሐፍ የተናገረችው እውነት ከእርሷ በኋላ በሥራ ተገለጠ። በፓሪስ ትምህርት ቤት የተማረው ሎራን ክሌር በ1816 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ በማግሥቱ ዓመት በሃርትፎርድ ከተማ ለተከፈተው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ የፓሪሱም ምልክት ከአገሩ ሰዎች ምልክት ጋር ተቀላቅሎ ለአሜሪካው የምልክት ቋንቋ ሥር ሆነ። በ1834 ዓ.ም. ደግሞ መስማት የተሳነው መምህር ፈርዲናን በርትዬና ባልንጀሮቹ ለደ ሌፔ መታሰቢያ በየዓመቱ ግብዣ ማድረግ ጀመሩ። ያመሰገኑት ካህን ነው፤ ጠሪዎቹና አሰናጆቹ ግን እነርሱ ራሳቸው ነበሩ። ዴሎዥ በመጽሐፍ ያሳየው ማኅበር በአደባባይ ታየ።

ነገር ግን የዴሎዥ ቃል ያልተሰማበት ጉባኤም ነበረ። በ1880 ዓ.ም. በመስከረም ወር በኢጣሊያ አገር በሚላኖ ከተማ መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምሩ መምህራን ተሰብስበው፣ የአፍ ንግግር ከምልክት የሚበልጥ ስለሆነ በትምህርት ቤት ንግግር ብቻ ይሁን ብለው ወሰኑ። ከተሰበሰቡት 164 ሰዎች መካከል መስማት የተሳነው አንድ ብቻ ነበረ። ውሳኔው በ160 ድምፅ ሲጸና የተቃወሙት 4 ብቻ ነበሩ። ሊቀ መንበሩም ካህን ነበረ። ከዚህ በኋላ በብዙ የአውሮፓ አገሮች መስማት የተሳናቸው መምህራን ከሥራቸው ተነሡ፤ ልጆችም በክፍል ውስጥ በእጃቸው እንዳይነጋገሩ ተከለከሉ። ብዙ ሰዓታቸው የማይሰሙትን ድምፅ በማውጣት ሲያልፍ፣ ሒሳብና ታሪክ ለመማር የቀረው ጊዜ ጥቂት ሆነ።

በዚሁ በሚላኖ ከተማ አስቀድሞ ሌላ ነገር ታይቶ እንደ ነበረ ካህናት ያስታውሱ ይሆናል። አውግስጢኖስ ስለ ነፍስ ታላቅነት በጻፈው መጽሐፉ፣ በሚላኖ የነበረ መስማትና መናገር የተሳነው፣ መልኩ ያማረ፣ ጠባዩም የታረመ አንድ ወጣት ይጠቅሳል። ይህ ወጣት የሌሎችን አሳብ የሚያውቀው፣ የራሱንም የሚገልጠው በምልክት ነበረ። የጥንቱ ጳጳስ ያስተዋለውን የጉባኤው መምህራን በዚያው ከተማ ተሰብስበው ሳያስተውሉት ቀሩ። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ መገኘቱ ነው። ዴሎዥ ለዴሻን የሰጠው ምላሽ ከጉባኤው 101 ዓመት በፊት ታትሞ ነበር። ምስክር አልጠፋም፤ ጠያቂ ጠፋ እንጂ።

ዘመን ግን ፍርዱን ገለበጠው። በ1960 ዓ.ም. ዊሊያም ስቶኪ የሚባል አሜሪካዊ መምህር፣ ምልክት በእጅ ቅርጽ፣ በስፍራና በእንቅስቃሴ ክፍሎች የተሠራ እውነተኛ ቋንቋ መሆኑን በጥናት አሳየ። በ2005 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት የፈረንሳይን የምልክት ቋንቋ በሕግ አወቀው። በ2010 ዓ.ም. በቫንኩቨር ከተማ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የመምህራን ጉባኤም የሚላኖውን ውሳኔ ሽሮ ስለ ጉዳቱ ማዘኑን ገለጠ። ሠራተኛው በ1779 ዓ.ም. የጻፈውን ሊቃውንቱ ለመቀበል ከሁለት መቶ ዓመት የበለጠ ጊዜ ፈጀባቸው።

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ነገር ነው ተብሎ የሚተው አይደለም። አማርኛ «ደንቆሮ» በሚለው አንድ ቃል ሁለት ሰዎችን ይጠራል፤ አንደኛው የማይሰማው፣ ሁለተኛውም የማያውቀው ነው። ቃሉ ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚይዝ፣ ተናጋሪው ሳያስበው ጆሮው የተዘጋውን ሁሉ አእምሮው እንደ ተዘጋ አድርጎ ይፈርድበታል። የግዕዙ «ጽሙም» ከዚህ ነውር የነጻ ነው፤ ጆሮን ብቻ ይናገራልና። የዴሎዥ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የምትሟገተው ይህን መደባለቅ ነው። ጆሮ የዕውቀት አንድ በር እንጂ የዕውቀት ቤት አለመሆኑን ማንበብ የማያውቁ ባልንጀሮቹን ምስክር አድርጎ ያሳያል።

በኢትዮጵያም መስማት የተሳናቸው ሰዎች የራሳቸው የምልክት ቋንቋ አላቸው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ይህን ቋንቋ ያስተምራል። ፊደሉም በእጅ የሚጻፍበት ሥርዓት ተበጅቶለታል፤ የፊደሉ ዓይነት በእጅ ቅርጽ ይታያል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ድምፁም በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል። ሀሁ ያስቈጠረ የኔታ ይህን ቢያይ ፊደሉን በደስታ ያውቀዋል። ነገር ግን ዴሎዥ እንዳስጠነቀቀው የጣቱን ፊደል አይቶ ቋንቋውን ያወቀ እንዳይመስለው ያስፈልጋል። ፊደሉ የአማርኛ ነው፤ ምልክቱ ግን የእነርሱ ነው፤ እርሱንም ለማወቅ እንደ ደ ሌፔ ከባለቤቶቹ መማር ይገባል።

እንግዲህ የዚህች መጽሐፍ ዋጋ በሁለት ነገር ይጠቃለላል። ለቋንቋ መርማሪ፣ ቋንቋ ከማኅበር እንደሚወለድ የሚያስረዳ ምስክር ናት። ለመምህርና ለካህን ደግሞ፣ ስለ ሰው በጎ ማሰብ ብቻውን እንደማይበቃ የምታስተምር ናት። ዴሻንም የሚላኖ መምህራንም በጎ አስበው ነበርና። የጐደላቸው ርኅራኄ ሳይሆን፣ የሚራሩለትን ሰው ቃል መስማት ነበረ። ጆሮ ያላቸው ሰዎች አንድ መጽሐፍ ጠራዥ የጻፈውን ለመስማት ይህን ያህል ዘመን ከዘገዩ፣ ጽሙም የሚለው ስም ከሁለቱ ወገን ለማን እንደሚገባ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።